ሕመሙን ከሟቹ ጋር አንቅበረው

ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ እህል ማከማቻ ወይም ስለ ችግኝ ጣቢያ እንድንናገር የጠበቃችሁ ብዙዎች እንደ ሆናችሁ እናውቃለን። የዕለት ሥራችን እሱ ነውና። ዛሬ ግን የምንነግራችሁ ስለ ኩላሊት ካንሰር ነው። ይልቁንም ይህ በሽታ በሚገባ እንዲጠናና መድኃኒት እንዲፈለግለት አብረው ስለ ተሟገቱ ሕመምተኞች፣ ቤተሰቦችና ሐኪሞች ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ነው። ወደ እናንተ ያመጣንበት ምክንያት፣ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትን ቃል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ ስላላገኘን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

አስቀድመን ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ከተማ ስንሠራ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩ አንድ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ አምስት ይሆናል። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ቦታው ላይ የሚገኙ፣ የሲሚንቶውን ከረጢት አንድ በአንድ ቆጥረው የሚረከቡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሽንታቸው ከደም ጋር መጣ። ምንም ስላላመማቸው «ኩላሊቴን ብርድ መትቶኝ ነው» ብለው ተዉት። ደሙም ራሱ ቆመ። ከወራት በኋላ ሲመለስ ግን በግራ ጎናቸው እብጠት ይዳሰስ ነበር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ። ሐኪሙም የኩላሊት ካንሰር መሆኑንና ወደ ሳንባቸው መዝለቁን ለታላቅ ልጃቸው ነገረው።

ልጁ ወደ እኛ መጥቶ «አደራችሁን፣ አባባ እንዳይሰሙ» አለን። እኛም አደራውን ተቀበልን። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «የውኃውን ሒሳብ ለማን ላስረክብ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ሲሻልዎት ራስዎ ይይዙታል» አልናቸው። ጥቂት አየት አደረጉንና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። በሁለተኛው ሳምንት አረፉ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት እኅታቸው «ታላቅ ወንድማችንም እንዲሁ በጎኑ ነበር የታመመው» አሉ። ሌላ ዘመድ ደግሞ «እሱስ በሆድ ቁርጠት ነው የሞተው» ብሎ ተከራከረ። አንድም የሚያውቅ አልተገኘም። የወንድማማቾቹ ሕመም አንድ ይሁን የተለያየ ዛሬ ማንም ሊለይ አይችልም። አልተነገረም፣ አልተጻፈም፤ ከእነሱ ጋር ተቀብሯል። አራቱ ልጆቻቸው ግን እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። ዛሬ እንድንናገር ያስገደደን የእነዚያ ልጆች ፊት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ኩላሊቶቻችን ከጎድን አጥንታችን በታች በስተኋላ ተቀምጠው ደማችንን የሚያጣሩ ሁለት ብልቶች ናቸው። በኩላሊት ላይ የሚነሣ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሳያሳምም በዝምታ ያድጋል። በዚያው በኩላሊቱ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ግን ለረጅም ዘመን ሐኪሞች በእጃቸው ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ሌሎችን ካንሰሮች የሚያሸንፈው ኬሞቴራፒም ይህን ብዙም አይነካውም። በ1992 ኢንተርሉኪን 2 የተባለው የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነሣሣ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ከባድ ሕክምና ነበር፤ የጠቀመውም ጥቂቶችን ነው። ሆኖም ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ለብዙ ዓመታት በጤና የኖሩ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ለተገኘው ነገር አንዱን ትልቅ በር የከፈቱት አንድ የማይታወቅ በሽታ ያለባቸው ቤተሰቦች ናቸው። በሽታው በጀርመናዊው የዓይን ሐኪም በፎን ሂፕልና በስዊድናዊው ሐኪም በሊንዳው ስም ይጠራል፤ በአጭሩ ቪኤችኤል ይባላል። ከ36,000 ሰዎች አንዱን ያህል የሚያገኝ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። ከወላጆቹ አንዱ ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረሱ ዕድል እኩል በእኩል ነው። በዓይን፣ በአንጎል፣ በአከርካሪ ውስጥ ባለው ሰረሰር፣ በኩላሊትም ዕጢዎችን ያበቅላል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አጎት ዓይኑ ሊጠፋ፣ እናት በአንጎል ዕጢ ልትሞት፣ ልጅ ደግሞ የኩላሊት ካንሰር ሊይዘው ይችላል። የዓይን ሐኪሙ ዓይኑን ያያል፤ የአንጎሉ ሐኪም አንጎሉን ያያል። ሁሉንም በአንድነት የሚያየው ግን ቤተሰቡ ብቻ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሚሠሩ ማርስተን ሊንሃንና በርተን ዝባር የተባሉ ሐኪሞች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ቤተሰቦች መፈለግ ጀመሩ። ቤተሰቦቹም ደማቸውን ሰጡ። ከደማቸው ያላነሰ ዋጋ ያለው ሌላ ነገርም ሰጡ፤ ይኸውም የዘር ሐረጋቸውን ነው። አያት በምን ሞቱ? የአክስት ልጅ በስንት ዓመቱ ዓይኑ ደከመ? ማን ታመመ፣ ማንስ ዳነ? እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥር የለምን? እነሱ ደግሞ ለበሽታው ቆጠሩ።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የሟች እናትን ሕመም በማያውቁት ሰው ፊት ማውራት፣ የታናሽ ልጅን ስም «ታማሚ» በሚለው ረድፍ ማስጻፍ ለማንም ወላጅ ከባድ ነው። እነሱም አደረጉት።

በ1993 ተመራማሪዎቹ የበሽታውን መነሻ አገኙ። ከወላጅ ወደ ልጅ ከሚተላለፉት የአካል መመሪያዎች፣ ጂን ከሚባሉት መካከል፣ አንዱ ተበላሽቶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ቤተሰቦቹ ራሳቸው ተሰባስበው የቪኤችኤል ቤተሰቦች ኅብረትን መሠረቱ። የታመሙት እርስ በርስ እንዲተዋወቁ፣ ሐኪሞችም ስለ በሽታው እንዲያውቁ፣ ምርምሩም እንዳይቋረጥ መሥራት ጀመሩ።

በ1994 ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ታወቀ። ያው ጂን በዘር ባልወረሱት፣ በተለመደው የኩላሊት ካንሰር ሕመምተኞች ዕጢ ውስጥም ተበላሽቶ ተገኘ። ከጥቂት ቤተሰቦች የተገኘው ዕውቀት የብዙዎችን በሽታ የሚገልጥ ሆነ ማለት ነው። አያታቸው በምን እንደ ሞቱ የተናገሩት ሰዎች ፈጽሞ ለማያውቋቸው ሰዎች መንገድ ጠረጉ።

ጂኑ ሥራው ምንድን ነው? ይህን ካጠኑት አንዱ በቦስተን ከተማ የሚሠሩት ሐኪም ዊልያም ኬሊን ናቸው። በቀላሉ ስናስረዳው፣ በሰውነታችን ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ የሚደርሰው ኦክስጅን ይበቃ እንደ ሆነ የሚያውቅበት ሥርዓት አለው። ጂኑ ሲበላሽ ሕዋሱ አየር ሳያጥረው ያጠረው ይመስለዋል። «ደም ላኩልኝ» እያለ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይጠራል፤ ዕጢውም በዚያ ይመገባል። ይህ ከታወቀ በኋላ ጥሪውን የሚዘጉ መድኃኒቶች ትርጉም አገኙ። በ2005 ሶራፌኒብ፣ በ2006 ሱኒቲኒብ የተባሉት ክኒኖች በአሜሪካ ለኩላሊት ካንሰር ተፈቀዱ። ኬሊንም ከእንግሊዛዊው ፒተር ራትክሊፍና ከአሜሪካዊው ግሬግ ሰሜንዛ ጋር በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በነሐሴ ወር 2021 ለቪኤችኤል ሕመምተኞች ቤልዙቲፋን የተባለ ክኒን ተፈቀደ። ክኒኑ የተፈተነው በ61 ሰዎች ላይ ሲሆን፣ በግማሽ ያህሉ የኩላሊት ዕጢያቸው በግልጽ አነሰ። ቀድሞ እነዚህ ሰዎች ዕጢው በበቀለ ቁጥር ደጋግመው ወደ ቀዶ ሕክምና ይገቡ ነበር። ክኒኑ ፈጽሞ የሚያድን አይደለም፤ የደም ማነስም ያመጣል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ሆኖም ከቢላዋ የሚያሳርፍ ነው። በ2023 መጨረሻ በዘር ሳይወርሱ የኩላሊት ካንሰር ለጠናባቸው፣ ሌላ ሕክምና ለሞከሩ ሕመምተኞችም ተፈቀደ። ጂኑ ከተገኘበት እስከ ክኒኑ ድረስ 28 ዓመት ነው። ደማቸውን ከሰጡት መካከል ሁሉም ይህን ቀን አላዩም።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ታሪክ የሐኪሞቹን ዕውቀት እናደንቃለን። ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን አልሄደም። ምርምር ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ደግሞ የሚጮህለት ሰው ይፈልጋል።

በ1990 በቺካጎ ከተማ ዩጂን ሾንፌልድ የተባሉ የኩላሊት ካንሰር ሕመምተኛ ኒኮላስ ቮግልዛንግ ከተባሉ ሐኪም፣ እንዲሁም ከጥቂት ሕመምተኞችና ሐኪሞች ጋር ሆነው የኩላሊት ካንሰር ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ስለዚህ በሽታ ሕመምተኛ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ማኅበሩ ለሕመምተኛው መረጃ መስጠትን፣ ለተመራማሪው ድጋፍ ማሰባሰብን፣ በመንግሥት ፊት መናገርን ሥራው አደረገ።

በኋላም ሕመምተኞች፣ የሟች ቤተሰቦችና ሐኪሞች በአሜሪካ ምክር ቤት እንደራሴዎች ቢሮ በር ላይ እየተገኙ ለኩላሊት ካንሰር ብቻ የሚውል የምርምር ገንዘብ ጠየቁ። በ2017 ምክር ቤቱ በመከላከያ ሚኒስቴር የሕክምና ምርምር ሥር 10 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ምርምሩ በጦር ሚኒስቴር ሥር መሆኑ ቢያስገርማችሁ፣ ይህ መንገድ የተከፈተው በ1992 የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ባደረጉት ሙግት ነው። የኩላሊት ካንሰሩ ገንዘብ በየጊዜው እየጨመረ በ2021 50 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ የምንነግራችሁ ነገር በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አለ። የትኛው ጥናት ገንዘብ ያግኝ ተብሎ ማመልከቻዎች ሲመረመሩ፣ በሽታው የደረሰባቸው ሰዎች ከሊቃውንቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ድምፃቸውም ከፕሮፌሰሩ ድምፅ እኩል ይቆጠራል። ለምስክርነት ተጠርተው የሚሰናበቱ እንግዶች አይደሉም፤ ፈራጆች ናቸው። እኛስ በየመንደሩ «ተሳትፎ» እያልን ስንጽፍ፣ ገበሬው በጠረጴዛው ዙሪያ ድምፅ ያለው ስንት ጊዜ ነው?

ደግሞም የተገኘው ነገር ሁሉ ለዘላለም የተገኘ አይደለም። በ2025 በጀት ለዚሁ ፕሮግራም ምንም ገንዘብ ሳይመደብ ቀረ። የስምንት ዓመት ድካም በአንድ ውሳኔ ባዶ ሆነ። ሕመምተኞቹና ሐኪሞቹም ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ እንደራሴዎቹ ተመለሱ።

በእንግሊዝ አገርም መድኃኒት መገኘቱ ብቻ እንደማይበቃ ታይቷል። በ2008 የመድኃኒቶችን ዋጋና ጥቅም የሚመዝነው የመንግሥት አካል፣ አዲሶቹ የኩላሊት ካንሰር ክኒኖች ዕድሜ ቢያራዝሙም ዋጋቸው ከጥቅማቸው ይበልጣል ሲል በረቂቅ ውሳኔው አስታወቀ። ሕመምተኞች አደባባይ ወጡ፤ 26 የካንሰር ሐኪሞችም በጋዜጣ ላይ ተቃውሟቸውን በፊርማቸው አወጡ። በ2009 ሱኒቲኒብ በመንግሥት ሕክምና እንዲሰጥ ተፈቀደ። ሐኪሞቹ ብቻ ቢጽፉ ወይም ሕመምተኞቹ ብቻ ቢሰለፉ ይህ ይሆን ነበር ለማለት እንቸገራለን።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ሐሳብ ይመጣባችሁ ይሆናል። በእርግጥ እነሱ ያላቸው ገንዘብና መሣሪያ የለንም። መሠረቱ ግን በእጃችን አለ። እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሦስት ቀን ከኀዘንተኛው የማይለይ ኅብረት አለን። የጎደለን ሰው ከመሞቱ በፊት እንዲህ መሰብሰብ ነው።

ይህንም የጀመሩ ወገኖች በአገራችን አሉ። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። የልጃቸውን ሕመም አልደበቁም፤ ስሙን ለማኅበሩ ስም አደረጉት እንጂ። ከገጠር ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥተው ማረፊያ ላጡ ሕሙማን ማረፊያ ሰጡ። ስለ ትምባሆ ጉዳትም ተናገሩ፤ ትምባሆ ደግሞ ለኩላሊት ካንሰርም አንዱ መንሥኤ ነው። እንዲሁም ከ2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ የካንሰር ሕሙማን ምዝገባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሯል። መመዝገብ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልተቆጠረ ሕመምተኛ በጀት አይያዝለትም፤ ሐኪምም አይሠለጥንለትም።

እንግዲህ ከዚህ ስትመለሱ በየቤታችሁና በየአጥቢያችሁ ልታደርጓቸው የምትችሏቸውን አራት ነገሮች እናሳስባችኋለን።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። አያት በምን ሞቱ? በስንት ዓመታቸው? ምን ምን ምልክት ነበራቸው? በአንድ ደብተር ጻፉት፤ ከቤተሰብ ሰው ሲታመም ለሐኪሙ አሳዩት። አብዛኛው የኩላሊት ካንሰር በዘር የሚወረስ አይደለም፤ በአንድ ቤት ደጋግሞ ሲታይ ግን ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሽንት አንድ ጊዜም ቢሆን ከደም ጋር ከመጣ፣ ባያምም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ሁልጊዜ ካንሰር ነው ማለታችን አይደለም። ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ቁስለት ሊሆን ይችላል፤ በአዋሽ ሸለቆና መሰል ቦታዎች ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል። መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው፤ መናገር ግን የእኛ ነው። እናቶችም ሕፃን ስታጥቡ በሆዱ በአንድ ወገን ጠንካራ እብጠት ከዳሰሳችሁ አትሹት፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ትንንሽ ልጆችን የሚይዝ ዊልምስ የሚባል የኩላሊት ካንሰር አለ። በጊዜው ተገኝቶ የተሟላ ሕክምና በሚሰጥበት አገር ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ይድናሉ።

ሦስተኛ፣ የታመመውን ሰው ከራሱ ሕመም አናግልለው። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው በድንገት ይነገረው አንልም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ቀስ ብለን እንጠይቀው። «ሒሳቡን ለማን ላስረክብ?» ያለ ሰው መንገዱን ከፍቶልናልና እንቀመጥና እንስማው።

አራተኛ፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ነው። ሕመም መናገር ያለበት ባለቤቱ ነው። እነዚያ ቤተሰቦች የተናገሩት ወደው ነው እንጂ ሌላው ገልጦባቸው አይደለም። የሰማነውን በቡና ላይ የምናወራ ከሆነ የሚነግረን እናጣለን። ተመራማሪዎችም ወደ ሠፈራችን ሲመጡ ለምን እንደሚጠይቁ፣ ስም እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የተገኘውስ ነገር ወደ ሕዝቡ እንዴት እንደሚመለስ ከመጀመሪያው እንጠይቅ። ሕዝቡም አውቆ ይፍቀድ።

በመጨረሻ ስለ እኚያ አባት አንድ ነገር እንጨምር። ይህን ታሪክ ለእናንተ ከመናገራችን በፊት ወደ ታላቅ ልጃቸው ሄደን ፈቃዱን ጠየቅን። አደራውን ስለ ተቀበልንበት መንገድም ይቅርታ ጠየቅነው። እሱም «አደራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያም ሦስቱን ታናናሾቹን ሰብስቦ የአባታቸውን ሕመም ስም እንደ ነገራቸው፣ አራቱም ሄደው ኩላሊታቸውን በአልትራሳውንድ እንደ ታዩ ነገረን። ለጊዜው ምንም አልተገኘባቸውም። ሐኪሙም የአጎታቸውን ነገር ጠይቆ ያወቁትን ያህል ጽፎ ይዟል።

ስንለያይም በር ድረስ ሸኝቶን «የአባባን ስም አትጥሩ፤ ሕመማቸውን ግን ንገሩ» አለን። እነሆ፣ ነግረናችኋል።